የኋላው ስፒከር

እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። በሱዳኑ አብዮት ማግስት፣ ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር አንድ ሀጂ ቤት ስፒከር እንድሠራ ተጠራሁ። ላፕቶፓቸውን ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝተው የፊቶቹ ስፒከሮች ይጮኻሉ፤ ከሶፋው ጀርባ ያሉት ሁለቱ ጭጭ ብለዋል። ጥፋተኛ ግን እኔ ሳልደርስ ተገኝቷል፤ የቤት ሠራተኛቸው፣ የወሎዋ ዘይነባ።

«ስትጠርግ ገመዱን በጥሳዋለች። ካልተሠራ ከነገ ጀምሮ እዚህ ቤት የለችም» አሉኝ።

ነገሩ አንገበገበኝ። ገመዱን ፈተሽኩት፤ ደህና ነው። የላፕቶፑን የሙከራ ድምፅ በየተራ ለቀቅኩት፤ ሁሉም ስፒከሮች ጮኹ። ሀጂው ቪዲዮአቸውን ሲከፍቱ ግን የኋላዎቹ እንደገና ዝም። ለካ ቪዲዮው በአብዮቱ ሰልፍ መሀል ቆመው በስልካቸው የቀረፁት ነው።

«ሀጂ፣ ስልክዎ የኋላውን ድምፅ ለይቶ አልቀዳም። ቪዲዮው ውስጥ የሌለውን እኔ ከየት ላምጣው?»

«ወላሂ እዚያው ነበርኩ። ሴቶቹ እልል ሲሉ የነበረው ከኋላዬ ነው» ብለው ድርቅ አሉ። በአረብኛ አስረዳሁ፣ በእጄ ጭምር አስረዳሁ፤ ወይ ፍንክች።

ይሄን ሁሉ በሩ ላይ ቆማ ስትሰማ የነበረችው ዘይነባ መጥረጊያዋን ወረወረች። ከሶፋው ጀርባ ሄደችና እልልታዋን አቀለጠችው።

የሀጂው ዓይን እንባ ሞላ። «ኻላስ፣ ተሠራ» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ያበላሸችውም እሷ፣ የሠራችውም እሷ። አንተ ከጠዋት ጀምሮ ምን ስታደርግ ነበር?»