ደራሲውን በራሱ ስም

ክላሲካል ሙዚቃ መስማት የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ፣ ለፈተና ሳጠና ነው። ግጥም ያለው ዘፈን ሐሳቤን ስለሚወስደው ቃል የሌለውን መረጥኩ። ከተመረቅኩ በኋላም አልተውኩትም። ሥራ ቦታ ስለዚህ ነገር የማወራው ሰው አልነበረኝም፤ ቢኖርም ቀድሜ ወሬ የምጀምር ሰው አይደለሁም። ወዳጆች ያገኘሁት ኢንተርኔት ላይ ነው። ስለ ሙዚቃ ደራሲዎች ሕይወት እንቆቅልሽ እያወጣ የሚጠያየቅ አንድ የአዲስ አበባ ግሩፕ አለ።

ከግሩፑ ሳንቀር የምንሳተፈው ሦስት ነን። አንደኛው ኢምፔሪያል አካባቢ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ ሐኪም ናቸው፤ ዶክተር እንላቸዋለን። ሁለተኛው ለሚ ኩራ ሕንፃ የሚያሠራ መሐንዲስ ነው። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ። በአካል ተገናኝተን አናውቅም። እነሱ በድምፅ ያወራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ለምን ማይክ እንደማልከፍት ሲጠይቁኝ፣ ቤቴ ቦሌ ቡልቡላ ስለሆነ አውሮፕላን ይረብሻል እላለሁ። መረበሹስ ይረብሻል፤ ምክንያቴ ግን እሱ አይደለም። ሰው እየሰማኝ መሆኑን ሳውቅ ድምፄ ይጠፋል።

ደራሲዎቹን የምንጠራቸው በራሳቸው ስም ነው። ይህን ተመካክረን አልወሰንነውም፤ ሰውን በአባቱ ስም መጥራት ስላለመድን ነው። ዶክተርማ እንደ ጎረቤት ልጅ ነው የሚያነሷቸው። "ያ ልጅ ጆሮው ሳይሰማ እንዴት አድርጎ ጻፈው?" ይላሉ።

ባለፈው ዓመት ከብዙ አገር የተውጣጡ ቡድኖች በእንግሊዝኛ የሚወዳደሩበት የኢንተርኔት ውድድር ገባን። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት የመጀመሪያው ዙር የመጨረሻ ጥያቄ ላይ ደረስን። ከመለስነው ወደ ሁለተኛው ዙር እናልፋለን፤ ካልመለስነው ውድድሩ ለእኛ እዚያው ያበቃል። አወዳዳሪዋ ሴት አነበበችው።

"አባቱ የጋሪ ጎማ ይሠራ ነበር። ታናሽ ወንድሙም የሙዚቃ ደራሲ ነው። አሠሪው ልዑል ሙዚቀኞቹን ወደ ቤታቸው አላሰናብት ቢላቸው፣ ተጫዋቾቹ በመጨረሻ ሻማቸውን እያጠፉ አንድ በአንድ የሚወጡበት ሙዚቃ ጻፈ። ማን ነው?"

ሦስታችንም አወቅነው። የመጻፉ ተራ የእኔ ነበር፤ እንደምንጠራው፣ በራሱ ስም ብቻ ጻፍኩት። ሌሎቹ ቡድኖች ሁሉ የቤተሰቡን ስም ጻፉ።

"ይህን አልቀበልም" አለች አወዳዳሪዋ። "በዚህ ስም የሚጠሩ ደራሲዎች ብዙ ናቸው። ቅሬታ ካላችሁ፣ መልሱን የጻፈው ሰው በድምፅ ያስረዳ።"

በራሳችን ግሩፕ በኩል "አንተ አስረዳልኝ" ብዬ ለመሐንዲሱ ጻፍኩለት።

"የጻፍሽው አንቺ ነሽ" አለኝ። "ደግሞ እዚህ የሲሚንቶ ሚክሰር እየጮኸ ነው፣ ማን ይሰማኛል?"

"ልጄ፣ ሰውየውን አውቀነዋል" አሉ ዶክተር። "እሱን ብቻ ንገሪያቸው።"

ማይኩን ከፈትኩ። ሰላምታዬን ሳልጨርስ አንድ አውሮፕላን ጣሪያችን ላይ መጣ። እስኪያልፍ እንዲጠብቁኝ ጠየቅኩና ጥያቄውን ደግሜ አነበብኩት። ያኔ ነው ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ያየሁት።

"በእኛ አገር ሰው የሚታወቀው በራሱ ስም ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የአባቱ ነው" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ነበር። "ጥያቄው ታናሽ ወንድሙም ደራሲ ነው ይላል። የቤተሰቡን ስም ብቻ የጻፉት፣ ታላቁን ይሁን ታናሹን አልለዩም። እኛ ለይተናል።"

ከአንዱ ቡድን አንድ ሰው ገባ። "ሁሉም የሚያውቀው ታላቁን ነው።"

"እሺ፣ የጻፋችሁት ስም ግን የሁለቱም ነው" አልኩት። እኔ ራሴ ገረመኝ።

አወዳዳሪዋ ሳቀች። "ጥያቄውን ሳወጣ ይህን አላሰብኩም። ነጥቡን ሰጥቻችኋለሁ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ግን ሁላችሁም ሙሉ ስም ጻፉ።"

አለፍን። ማይኩን ዘግቼ ወደ ራሳችን ግሩፕ ተመለስኩ።

"ለካ ሰው ነሽ" አለኝ መሐንዲሱ። "እኔማ ዶክተር በሁለት ስልክ የሚጽፉ ነበር የመሰለኝ።"

"እኔ አንዱንም በቅጡ አልችልበትም" አሉ ዶክተር።

እናቴ በሩን ከፈት አድርጋ "ከማን ጋር ነው የምትጨቃጨቂው?" አለችኝ።

"ጨዋታ ነው እማዬ።"

"ሥራ ቦታም እንዲህ ብትጫወቺላቸው" ብላ ዘጋችው።

ሁለተኛው ዙር ላይ ወደቅን። የጣለንን መልስ የጻፈው መሐንዲሱ ነበር፤ ሙሉ ስም ጽፎ፣ የሌላ ሰው ስም። እንደ ባለፈው ተከራከሪልኝ ብሎ ለመነኝ። መልሱ ስህተት ስለነበረ እንደማልከራከር ነገርኩት። ዶክተርም እየሰሙ፣ በድምፅ ነው የነገርኩት።