ለመቂው ደላላ

ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ የምትኖረው የዩኒቨርሲቲ መምህርት፣ ህንድ አገር ስትማር ከቡድሃ መነኮሳት ተመስጦ ለምዳ መጥታለች። ባለቤቴን ከቀበርኩ በኋላ እንቅልፍ እንዳጣሁ አይታ ወደ ክፍሏ ጠራችኝ። ጣዖት ይኖር ይሆን ብዬ መጀመሪያ ግድግዳውን ቃኘሁ። ያየሁት ምንጣፍና ትራስ ብቻ ነው።

«ሃይማኖትዎን የሚነካ ነገር የለውም፣ እማማ» አለችኝ። «ቁጭ ይበሉና ትንፋሽዎን ይከታተሉ። ሲገባ ገባ፣ ሲወጣ ወጣ ይበሉ።»

ትንፋሽ መከታተል ለእኔ አዲስ ሥራ አልነበረም። ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ዓይኔን ከደረቱ ላይ አልነቀልኩም፤ ሲገባ ገባ፣ ሲወጣ ወጣ እያልኩ፣ ወጥቶ እስኪቀር ድረስ። ይህን አልነገርኳትም። ዓይኔን ጨፍኜ ተቀመጥኩ፤ የሰማሁት ግን የእሱን ትንፋሽ ነው።

እንዲያም ሆኖ መሄዴን አልተውኩም። እዚያ ቢያንስ «በቃሽ፣ አታልቅሺ» የሚለኝ የለም። አጥር የምትጋራኝ የወሎዋ ጎረቤቴ ግን አላስቀመጠችኝም።

«ከንፈርሽ አይንቀሳቀስ፣ አትሰግጂ፣ አትንበረከኪ። ይሄ ጸሎት ነው ወይስ ኩርፊያ?»

«ኩርፊያ ነው በይው።»

«እንግዲያ ከኔ ጋር ተኳረፊ፤ እኔ መልስ እሰጥሻለሁ።»

እየቆየን ስንሄድ መምህርቷ ሌላ ልምምድ አመጣች። «ደህና ሁን፣ ስጋት አይንካህ፣ ሰላም ሁን» እያሉ በልብ መመኘት ነው፤ መጀመሪያ ለራስ፣ ቀጥሎ ለወዳጅ፣ ከዚያ ለማያውቁት ሰው፣ በመጨረሻ ለሚጠሉት። ለማላውቀው ሰው መንገዳችን ጫፍ ላይ የሚቆመውን ባለባጃጅ መረጥኩ፤ አልከበደኝም። የምጠላውን መምረጥ አላስፈለገኝም። የመቂው ደላላ ነው።

ባለቤቴ ከመቂ ወደ አዲስ አበባ ሽንኩርት የሚጭን ሾፌር ነበር። አደጋ በደረሰበት ጉዞ ደላላው ጭነቱን ሲያጓትት አውሎ ካሳደረው በኋላ፣ ጎኑን ሳያሳርፍ አስነሳው። ከአደጋው የተረፈው ረዳቱ እንደነገረኝ፣ ባለቤቴ ትንሽ ላሸልብ ብሎ መኪናውን ዳር ሲያስይዝ ደላላው ደወለ። «ገበያው እያመለጠን አንተ ትተኛለህ?» አለው። ባለቤቴ ሞተሩን አስነሳ።

ለዚህ ሰው ምኞቱ አልወጣልኝ አለ።

«አይቸኩሉ፣ ደግነትም ይለመዳል» አለችኝ መምህርቷ። ይህች ልጅ ገና ማንንም አልቀበረችም ብዬ አሰብኩ።

በዚህ መሃል የደላላው እናት ሞቱ። እሱ ለቅሶዬን ደርሷል፤ ድንኳኔ ውስጥ ተቀምጦ ንፍሮዬን በልቷል። እኔ ብቀር ነውር ነው። ሚኒባስ ተሳፍሬ መቂ ሄድኩ። ፊቱን ሳይ ይወጣልኝ ይሆናል ብዬ ምኞቱንም ይዤው ሄድኩ።

ለቅሶ ቤት ዝም ብሎ መቀመጥ ወግ ስለሆነ ማንም ምን ሆንሽ አላለኝም። አሮጊቶቹ በኦሮምኛ «ጃባዱ፣ በርታ» እያሉ ያጽናኑታል። እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ ትንፋሼን እየተከታተልኩ፣ «ስጋት አይንካህ» ለማለት ሞከርኩ። የምፈልገው ግን እንዲነካው ነበር። ስልክ በጮኸ ቁጥር እንደ እኔ እንዲደነግጥ ነበር።

ስወጣ ተከትሎኝ መጣ። ዓይኑ አብጧል።

«እትዬ፣ ከመጡ ይቅር ብለውኛል ማለት ነው።»

«የመጣሁት ለእናትህ ነው። ነፍሳቸውን ይማር።»

«ለእኔስ?»

እግዚአብሔር ያጽናህ ማለት ነበረብኝ። ለማንም ሐዘንተኛ የሚባል ነው፤ ለጠላትም አይከለከልም። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ መኪና ተራ ሄድኩ።

ስመለስ ዓለም ጤና ከተማ ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊያወርድ ቆመ። አጠገባችን ሽንኩርት የጫነ መኪና ነበር። ሾፌሩ ዓይኑ ቀልቷል፤ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ «መጣሁ አልኩህ እኮ፣ መጣሁ» ይላል። ደህና ሁን፣ ስጋት አይንካህ፣ ሰላም ግባ አልኩት በልቤ። ቃሉ ሳልታገለው ወጣ።

ቤት ስደርስ መምህርቷ በር ላይ ጠበቀችኝ።

«ወጣልዎት፣ እማማ?»

«አልወጣም» አልኳት። ስለ ሾፌሩ አልነገርኳትም። ደስ እንዲላት አልፈለግኩም።