ሐሊማንና ዘሃራን ያራራቅኩ ጊዜ

በማሰልጠኛው የመጀመሪያ ቀኔ የክፍል ኃላፊው አቶ ግርማ የስም መጥሪያ ወረቀት፣ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍና አንድ ፓኬት ጠመኔ ሰጡኝ። የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ የተማርኩት ከአሮጌ መጻሕፍትና ከተበላሹ ዕቃዎች ነው፤ ኮሌጅ አልገባሁም። ይህን ስለሚያውቁ ሰልጣኞቹ እንዳይንቁኝ ሰግተው ነበር። ክፍሉ ዝም ካለልህ የቀረው ቀላል ነው አሉኝ። እኔም ዝምተኛ ስለሆንኩ ምክሩ ተስማማኝ።

ሰልጣኞቼ አሥራ ስምንት ነበሩ። ሁለቱ የመጋላ ሰፈር ልጆች፣ ሐሊማና ዘሃራ፣ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እኔ መናገር ስጀምር እነሱም በሶማልኛ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጀምራሉ። ሁለት ጊዜ ገሠጽኳቸው። ወደ ጥቁር ሰሌዳው ስዞር ይቀጥላሉ። በሦስተኛው ሳምንት ሐሊማን ፊት መስኮቱ ጋ፣ ዘሃራን ኋላ በሩ ጋ አስቀመጥኳቸው። ክፍሉ ጸጥ አለ። ደስ አለኝ።

የተግባር ፈተናው በጣውላ ላይ አንድ አምፖልና አንድ ማብሪያ ማጥፊያ መዘርጋት ነበር። የሐሊማ ሥራ ንጹሕ ነው፤ ሽቦው ቀጥ ብሏል፣ ብሎኖቹ ጠብቀዋል። ማብሪያውን ስጫን አምፖሉ በራ፤ ስመልሰው ጠፋ። ከዚያ አምፖሉን ፈትቼ ኤሌክትሪክ ካገኘ የሚበራውን ቴስተር አምፖሉ የሚታሰርበት ሆልደር ውስጥ አስገባሁ። ቴስተሩ በራ። ማብሪያውን ኤሌክትሪክ በሚያመጣው በፌዙ ፈንታ በሚመልሰው በኒውትራሉ መስመር ላይ አስገብታዋለች። መብራቱ ጠፍቷል ብሎ አምፖል የሚቀይር ሰው እንዲህ ባለ ቤት ኤሌክትሪክ ይይዘዋል። ጣልኳት። በድጋሚውም ያንኑ ስህተት ደገመች።

አቶ ግርማ ለሙያ ምዘና የሚቀርቡትን ሰዎች ዝርዝር ለዓርብ ፈለጉ፤ የሐሊማን ስም ከዝርዝሩ እንዳወጣውም ነገሩኝ። ከወጣች እንደማትመለስ አውቃለሁ። አባቷ ይህ የሴት ሥራ አይደለም ብለው፣ በብዙ ልመና አንድ ጊዜ ብቻ ነበር የፈቀዱላት።

ዘሃራ ወሬውን ሰምታ በዕረፍት ሰዓት ግቢው ውስጥ አስቆመችኝ።

«አቦ ቲቸር፣ አንተ ነህ የጣልካት።»

ማብሪያው የት እንደሚገባ ማክሰኞ ለሁሉም ማስረዳቴን ነገርኳት።

«ማክሰኞ ማን ነገራት? እኔ በር ጋ ነበርኩ። አማርኛዋ ቀፊራ ገበያ ላይ ለመገበያየት ይበቃታል፣ ለሽቦ ግን አይበቃትም። አንተ ያልከውን እኮ ነው የምነግራት።»

«ለምን ቀድማችሁ አልነገራችሁኝም?»

«ዝም በሉ አልክ፣ ዝም አልን።»

ቢሮ ገብቼ ለአቶ ግርማ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ነገርኳቸው። ስሟ ዝርዝሩ ውስጥ እንዲቆይ፣ ብትወድቅ ኃላፊነቱን እንደምወስድ በጽሑፍ እንዳረጋግጥ ጠየቁኝ። ጽፌ ፈረምኩ።

ሁለቱን ወደ አንድ ቦታ መለስኳቸው። አንድ ነገር አስረድቼ ቆም እላለሁ፤ ዘሃራ ትነግራታለች፤ ከዚያ ሐሊማ ሽቦውን በጣቷ እየተከተለች ታሳየኛለች። መጀመሪያ ላይ ቆሜ የምጠብቅበት ጊዜ በጣም ረዘመብኝ። ብዙ ሳይቆይ ሌሎቹም በኦሮምኛ እርስ በርስ መጠያየቅ ጀመሩ። አንዱ ከኋላ ማውራት ተፈቀደ እንዴ ብሎ አሳቃቸው።

በምዘናው ቀን አሰልጣኝ መግባት ስለማይፈቀድለት ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሜ በመስኮት አየሁ። መዛኙ የሐሊማን ማብሪያ አጠፋ፣ አምፖሉን ፈታ፣ ቴስተሩን አስገባ። አልበራም። ደግሞ ሞከረ። አልበራም። ወረቀቱ ላይ ምልክት አድርጎ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈ። ግንባሬን በእጅጌዬ ጠረግኩ።

ሐሊማ ስትወጣ ዘሃራ በሶማልኛ አንድ ነገር ብላት ሁለቱም ሳቁ። ምን እንዳለቻት ጠየቅኳት።

«ቲቸርን ካንቺ በላይ አልቦታል አልኳት።»

አሁን ሰልጣኞች ሲንሾካሾኩ ሳይ፣ ቦታቸውን ከመቀየሬ በፊት ምን እንደሚባባሉ እጠይቃለሁ። አንዳንዴ ወሬ ነው። አንዳንዴ ትምህርቱ ነው።