የአማቴ ሰማንያ ሁለት ደረጃዎች

ከቤታችን እስከ መንደራችን መጸዳጃ ቤት ሰማንያ ሁለት የድንጋይ ደረጃ አለ። ቆጥሬዋለሁ። ጠዋትና ማታ አማቴን ደግፌ ስወርድና ስወጣ ንዴቴን የምውጠው እየቆጠርኩ ነው። እሳቸው በየጎረቤቱ በር ቆም ቆም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ሥራ ስላለብኝ “ይፍጠኑ እንጂ እማማ!” እላለሁ።

እዚህ ከተፈጥሮ ጋር ተስማምተን እንኑር ብለን የተሰባሰብን አሥራ ዘጠኝ ቤተሰቦች ነን። ቤታችን የጭቃ፣ መብራታችን የፀሐይ፣ እርሻችን የጋራ ነው። መጸዳጃ ቤቱም አንድ ነው። ውሃ አይፈስበትም፤ የተጠቀመ ሰው አመድ ነስንሶ ይወጣል፣ የተጠራቀመውም ከርሞ ለአትክልቱ ማዳበሪያ ይሆናል። ስለዚህ ከታች፣ ከአትክልቱ አጠገብ ተሠራ። ግንበኛው ባለቤቴ ግን ቤታችንን “አየሩ ጥሩ ነው” ብሎ ዳገቱ ጫፍ ላይ ሠራው። ለአየሩ የሚደክሙት እናቱ ናቸው።

አማቴ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከተማ ውስጥ፣ አውቶቡስ የሚቆምበት መንገድ ዳር፣ አንድ ሱቅ በረንዳ ላይ አርባ ዓመት የልብስ ስፌት መኪናቸውን ሲረግጡ ኖረዋል። ልጃቸውን ያሳደጉት በዚያ መኪና ነው። የአላፊ አግዳሚውን ሱሪ እያሳጠሩ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደተጣላ ይሰማሉ፤ አንድም ነገር አያመልጣቸውም ነበር። ዓይናቸው ደክሞ ክር ከመርፌ ማገናኘት ሲያቅታቸው፣ የዛሬ ሁለት ዓመት ወደ እኛ መጡ። መኪናቸውም መስኮቱ ሥር ጨርቅ ለብሶ ተቀመጠ።

በቅርቡ ታዲያ ቀን ብቻቸውን ሲወርዱ ዝናብ ያራሰው ደረጃ አዳለጣቸውና ጉልበታቸው አበጠ። በሚቀጥለው ዳሌያቸው ቢሰበርስ? እንቅልፍ አጣሁ። ባለቤቴን “ከቤታችን ጀርባ አንዲት ትንሽ መጸዳጃ ሥራላቸው” ስለው “ስብሰባው ይወስን” አለኝ።

ወይ ስብሰባ! እኛ ዘንድ አንድ ነገር የሚወሰነው ሁሉም ሲስማማ ብቻ ነው። አንድ ሰው እጁን ካወጣ ነገሩ ለሚቀጥለው እሑድ ያድራል። በመጀመሪያው እሑድ ንብ አርቢው “ሽታው ንቦቼን ይረብሽብኛል” አለ። በሁለተኛው፣ ለእናንተ ከተፈቀደ ሁሉም ሊጠይቅ ነው ተባልን። በሦስተኛው በሩ በየት በኩል ይሁን ብለን ተከራከርን፤ ያልተሠራ ቤት በር! በአራተኛው ሰብሳቢያችን፣ ጡረታ የወጣችው አስተማሪ፣ “እስቲ መጀመሪያ ስሜታችንን እንካፈል” ስትል ደሜ ፈላ።

“የእኔ ስሜት ጉልበት ነው!” አልኳት። “የአሮጊት ጉልበት!”

ባለቤቴ ቀሚሴን ጎተተኝ። እሱ ሰው ፊት አፍ የለውም።

ከእርሻ ስመለስ ራት እየሠራሁ በስብሰባው እንጨረጨራለሁ። አማቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ይሰሙኛል።

“ተይው ልጄ” ይላሉ።

“እርስዎ ዝም ይበሉ፤ የምለፋው ለእርስዎ ነው!”

በሰባተኛው እሑድ ንብ አርቢው እንኳ እጅ ሰጠ። አማቴም ይደሰቱ ብዬ ይዣቸው ሄጃለሁ። ሰብሳቢዋ እንደ ደንቡ “የማይስማማ አለ?” ብላ ዙሪያውን ቃኘች። ከጎኔ አንድ እጅ ወጣ። የአማቴ!

“እማማ፣ እጅ የሚያወጣው እኮ የማይስማማ ሰው ነው” አልኳቸው ጥርሴን ነክሼ።

“ገብቶኛል። አልስማማም።”

“በቁሜ ሊገድሉኝ ነው እንዴ?”

“እናንተ ጠዋት ወጥታችሁ ማታ ነው የምትገቡት” አሉ እጃቸውን ሳያወርዱ። “እኔን ከዚያ ቤት የሚያወጣኝ መጸዳጃ ቤቱ ብቻ ነው። ስወርድ አስተማሪዋን ሳሉ ተሻለሽ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ። ስወጣ ይሄ ንብ አርቢ ወንበር ያወጣልኛል፣ ጉልበቴ እስኪያርፍ ከሚስቱ ጋር የተጣላበትን ሁሉ ያጫውተኛል።” ንብ አርቢው አንገቱን ደፋ። “ከጓሮ ከሠራችሁልኝ ማን ያየኛል? ከማን ጋር አወራለሁ? ከመኪናዬ ጋር?”

ደረጃዎቹን ስቆጥር በሮቹን አንድም ቀን አላየሁም።

“ይልቅ ከደረጃው ዳር የምይዘው እንጨት ሥሩልኝ” ብለው እጃቸውን አወረዱ።

“ነገ እሠራዋለሁ እማዬ” አለ ባለቤቴ። በሰባት እሑድ የመጀመሪያ ንግግሩ ነው። ሰብሳቢዋ ይህም ውይይት ይፈልጋል ልትል አፏን ስትከፍት አፈጠጥኩባት፤ ዘጋችው።

ወደ ቤት ስንወጣ በየበሩ ቆሙ። “ይፍጠኑ” የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ከላይ ስንደርስ ግን አልቻልኩም።

“ሰባት ሳምንት ሙሉ ስንጨረጨር ለምን አልነገሩኝም?”

“ምን ላድርግ ልጄ” አሉ፣ እያለከለኩ። “ልነግርሽ ስል አንቺ ሁሌ የእኔን ጉዳይ ይዘሽ ስብሰባ ላይ ነሽ።”