በሰልማ ስም የተመዘገበ ፈቃድ

የምስራች ዋልልኝ ደብረ ታቦር ገበያ ዳር በተከራየቻት ጠባብ ቤት ውስጥ በኮምፒውተር የሚታዘዝ የጥልፍ ማሽን አላት። ንድፉን መጀመሪያ ላፕቶፗ ላይ ትሥለዋለች፤ ማሽኑ ደግሞ የሣለችውን እየተከተለ ጨርቁ ላይ ይጠልፈዋል። ያን ክረምት የአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት መዘምራን ለደብረ ታቦር በዓል የሚለብሱትን ቀሚስ አምጥተውላት ነበር። ገና ግማሹን ሳትጨርስ ሐምሌ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ጣሪያው አፈሰሰና ውሃው ላፕቶፑ ላይ ወረደ።

ጎረቤቷ አለምነው ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ማዘርቦርዱን ቀየረላትና ላፕቶፑ ነፍስ ዘራ። የጥልፉ ፕሮግራም ግን አልከፈት አለ። ፈቃዱ ለዚህ ኮምፒውተር የተሰጠ አይደለም፣ የፈቃድ መለያ ቁጥርዎን ለኩባንያው ይላኩ የሚል ጽሑፍ ብቻ ያሳያል።

«ቁጥሩን የት ጻፍሽው?» አላት።

«የትም አልጻፍኩት። ፕሮግራሙ ሲከፈት ከታች ጥጉ ላይ ይታያል።»

«እንዲከፈት ደግሞ ቁጥሩን ይፈልጋል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ትተሽ በሩን ዘጋሽ ማለት ነው።»

አለምነው ወንበሩን ሳበና ተቀመጠ። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ማን፣ መቼ እንደገባባቸው ወይም ሊገባ እንደሞከረ በየጊዜው የሚጽፉበት ሎግ የሚባል ፋይል እንዳላቸው ነገራት። «ከገባው ሰው ስም ጋር የፈቃዱን ቁጥርም ይጽፍ እንደሆን እንየው» አለና አቃፊዎቹን እየከፈተ ይፈልግ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ አገኘው። ፋይሉ ሲከፈት ደቃቅ ፊደል ከላይ እስከ ታች ሞላው፤ በየመስመሩ ቀን፣ ሰዓት፣ የገባው ሰው ስም፣ ከዚያም ረጅም ቁጥር።

«አለ!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ግንባሩን ቋጠረ። «ሰልማ ማናት?»

የምስራች እሷም ያንኑ እያየች ነበር። «እኔ ነኝ» አለች።

ኩዌት የሄደችው አንበሳሜ አሥረኛ ክፍልን እንደጨረሰች ነው። በገባችበት ቀን ማዳሟ ስሟን ጠየቀቻት፤ ልትጠራው ሞከረች፣ አልሆነላትም። «ይኼ ይከብዳል፤ ሰልማ እንበልሽ» አለቻትና የጽዳት ዕቃው ያለበትን አሳየቻት። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነበር። ማዳሟ ክፉ ሴት አልነበረችም። እቤቷ ውስጥ የሴቶች ልብስ እያስጠለፈች ትሸጥ ነበር፤ ጠላፊዋ ድንገት ትታት ስትሄድ፣ መጥረጊያዋን ይዛ ቆማ ሥራውን ስትመለከት የከረመችውን የምስራችን ማሽኑ ላይ አስቀመጠቻት። ሙያውን ያስተማረቻት እሷ ናት። የምስራች አገሯ ልትገባ ስትነሣም አሮጌውን ላፕቶፕ ከነፕሮግራሙ ሰጠቻት፤ ፈቃዱንም ራሷ ኩባንያው ዘንድ አዛወረችላት። ስትጽፍ ልጅቷ ሌላ ስም እንዳላት ትዝም አላላት። ሰልማ ብላ ጻፈች።

የምስራች ይህን ሁሉ ለአለምነው በአጭሩ ነገረችው። ያልነገረችው ግን ውስጥ ውስጡን ያስገረማትን ነው። ሰልማን ኩዌት አውሮፕላን ማረፊያ ትታት የመጣች ይመስላት ነበር። ለካ ደብረ ታቦር ላይ በየማለዳው፣ ጣቷ እንደለመደው፣ ያንኑ ስም እየጻፈች ስትገባ ኖራለች። አሁን ስሙ አንዱ ከአንዱ ሥር ተደርድሮ ሲታያት ያችን ልጅ በሩ ላይ ቆማ ያየቻት መሰላት።

አለምነው የመጨረሻውን መስመር ቁጥር በወረቀት ገለበጠላትና የኩባንያው ወኪል ወዳለበት ወደ ዱባይ ደወሉ። ሰውየው ዓረብኛ ተናጋሪ ስለነበር ስልኩን የምስራች ያዘችው። ድምፅዋ ወዲያው ቀጠነ፤ ቃል በቃል ላይ እየደረበች ትፈጥን ጀመር። እናቷ ወይዘሮ ወርቅነሽ ከአንበሳሜ መጥተው የዘለቁት በዚህ መሀል ነው። አለምነው ብድግ ብሎ «ይቀመጡ እማማ» አላቸውና ወንበሩን ለቀቀላቸው።

ወኪሉ ቁጥሩን አልተቀበለውም። «ቁጥሩ ከማዘርቦርዱ ጋር ይቀየራል፤ ይኼ አዲሱ ከገባ በኋላ የተጻፈ ነው። ከመበላሸቱ በፊት የነበረውን ፈልጊልኝ።»

የምስራች ስትተረጉምለት «ዝናቡ የጣለው መቼ ነበር?» አለ አለምነው።

«በአቦ ማግስት ነው። አቦን ሥራ አልገባሁም። ከዚያ በፊት ያለውን እየው።»

ፋይሉ ላይ ያለው ቀን የፈረንጅ ስለሆነ አለምነው በጣቱ ቆጥሮ መለሰውና ወደ ላይ ሄደ። እዚያ ያለው ቁጥር እውነትም ሌላ ነበር። የምስራች እያንዳንዱን አኃዝ እየለየች ለወኪሉ አነበበችለት። ወኪሉ ቁጥሩን ፈለገና «አገኘሁት። ሰልማ ነሽ?» አላት።

እናቷን ቀና ብላ አየቻቸው። «አዎ፣ ሰልማ ነኝ» አለች።

ፈቃዱን ወደ ታደሰው ኮምፒውተር እንደሚያዛውርላት ነገራት። ስሙን ልታስቀይር ትችል እንደሆነ ስትጠይቀው ይቻላል፣ ግን የፓስፖርት ቅጂ ተልኮ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል አላት። ቀሚሶቹ ታጥፈው ተቀምጠዋል፤ በዓሉም ደርሷል። «እንግዲያው ለጊዜው ይቆይ» አለችው።

ስልኩን ስታስቀምጥ እናቷ «ሰልማ የምትዪው ማንን ነው?» አሉ።

«ራሴን ነው እማዬ። እዚያ እንደዚያ ነበር የሚሉኝ።»

ወይዘሮ ወርቅነሽ ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እኔ አንቺ እዚያ ሳለሽ ለጸሎት ስምሽን የምሰጠው ወለተ ሥላሴ እያልኩ ነበር። ሌላ ስም እንዳወጡልሽ ምኑን አውቄ! ጸሎቱ እንዴት ደርሶሽ ይሆን?»

«ደርሶኛል» አለቻቸው የምስራች። «ባይደርሰኝማ እንዲህ ተመልሼ አታዪኝም ነበር።»

እናቷ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቷን ያዙና «ክፉ ነበሩብሽ?» ሲሉ ጠየቋት። የምስራች ክፉ አልነበሩም ብትል የቀረባት ነገር ሁሉ ይቀልል መሰላት፤ ክፉ ነበሩ ብትል ደግሞ ሙያዋን የሰጠቻትን ሴት ማማት ሆነባት።

«አስተምረውኛል» አለች በመጨረሻ። «ስሜን ግን ደግመው አልጠየቁኝም። አንዴ ጠይቀው ተዉት።»

ፕሮግራሙ በማግሥቱ ተከፈተ። ቀሚሶቹ ለበዓሉ ደረሱ፤ መዘምራኑም ዝናቡ ባባራበት ጠዋት ለብሰዋቸው ወጡ።

መስከረም ሲጠባ የምስራች የፓስፖርቷን ቅጂ ላከች። መልሱ ሲመጣ አለምነውን ጠራችውና አብረው ከፈቱት። ፈቃዱ በስሟ ተዛውሯል፤ ጸሐፊው ግን አንድ ፊደል ስቶ «የምስራክ» ብሏታል። አለምነው ሳቁ አመለጠው። «ተይው፣ ተቀራርቧል» አላት።

እሷም ሳቀች። ግን ወዲያውኑ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግታ፣ ስሟን ፊደል በፊደል ለይታ ጻፈችና እንዲያርሙላት መልሳ ላከች።