በሕማማት የዞረባቸው ሴትዮ

ባለፈው እሁድ ጠዋት ከአልጋዬ ብድግ ስል ጣሪያው ዞረብኝ። ግድግዳውን ተደግፌ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሳቅሁ! ሰው እየዞረበት ይስቃል? እኔ ግን ወዲያው ናይሮቢ ትዝ አለችኝ፤ ዝናብ የነካው ቀይ አፈር ሽታ፣ የሆስፒታሉ ዋርድ የወለል ሳሙና፣ ኢንተርን ሐኪም ሳለሁ ዓለምን የጨበጥኩ የመሰለኝ ያ ከሰዓት። ሞባይል ገና በእጅ ሲያዝ ኩራት በሆነበት ጊዜ ነው የምነግርህ።

ኬንያዊው አለቃዬ ስለ ማዞር አንድ ሕግ ነበረው። «ምን ምን ይልዎታል?» ብሎ በሽተኛ መጠየቅ በእሱ ዘንድ ነውር ነው። ሁሉም ሰው «ኪዙንጉዙንጉ»፣ ዞረብኝ፣ ብሎ ጣቱን በአየር ላይ ያዞርልሃል፣ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። «መቼ ይነሳል፣ ምን ሲያደርጉ፣ ምን ያህል ይቆያል በሉ» ይለን ነበር።

በሕማማት ሳምንት ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት ያላቸው ኢትዮጵያዊት በሠራተኞቻቸው ተደግፈው መጡ። የጠየቃቸው ሁሉ «ጾሙ ነው፣ ይብሉ» ይላቸዋል። ስኳራቸው ደህና፣ ደም ግፊታቸው ተኝተውም ቆመውም ደህና፣ ልባቸው ደህና። ምን ሲያደርጉ እንደሚነሳባቸው ስንጠይቅ «እንዲሁ ነው» ብለው ድርቅ! ስለዚህ ለማግስቱ የጭንቅላት ምርመራ ታዘዘላቸው። ይሄኔ ተስፋ ቆረጡ። እናታቸውን የገደለው የጭንቅላት ዕጢ ነበርና ምግብ ቤቱን ለሰው ትተው አገራቸው ገብተው ሊሞቱ ወሰኑ። «አጥንቴ እንኳ እዚያው ይረፍ» አሉኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ፈራሁላቸው።

ከአልጋው ሊወርዱ ሲሉ ጭናቸውን ያዝ አድርገው «ወይኔ!» አሉ። ያቺን «ወይኔ» አውቃታለሁ! በዚያው ሰሞን እናቴ የኪሌሌሽዋ ሰፈር ቤታችንን ደረጃ ስትወጣ እንዲሁ ነበር የምትለው። የስግደት ሕመም ነው። 

«እትዬ፣ ሲሰግዱ ነው እንዴ የሚዞርብዎ?»

ወደ አለቃዬ ሰረቅ አድርገው አዩና «ቀስ በይ! እንዳትነግሪው፣ ይከለክለኛል» አሉኝ። ስግደቱ ከሚቀርብኝ ሞት ይሻለኛል ብለው ደብቀውት፣ እግዚአብሔር ያሳይህ! «እትዬ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብላቸው ተናዘዙ። «ግንባሬን መሬት ሳስነካ ምድር ትገለበጥብኛለች። ትንሽ ቆም ስል ይተወኛል። ተኝቼ በቀኝ ስገላበጥም ያው ነው።»

አላስቻለኝም፣ ሄጄ ነገርኩት። አለቃዬ ሻዩን ጥሎ መጣ! አልጋው ላይ አስቀምጦ፣ ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዙሮ፣ ባንድ ጊዜ ወደ ኋላ አስተኛቸው። ትንሽ ጠበቅን። ዓይኖቻቸው በራሳቸው ይርገበገቡ፣ ይሽከረከሩ ጀመር! «እመቤቴ ድረሽ!» ብለው ክንዴን ጨመደዱት። አለቃዬ እንደ ልጅ ዘለለ፤ «ኡሜኦና? አየሽው?» እኔም አብሬው ዘለልኩ፣ ምን ይደረግ! ዕጢ የለ፣ ምን የለ፤ በውስጠኛው ጆሮ ያለች ደቃቅ ጠጠር ከቦታዋ ወጥታ ነው ይህን ሁሉ የምታደርገው። ራሳቸውን ቀስ አድርጎ ወደ ግራ አዞረ፣ በጎናቸው አገላበጣቸው፣ መልሶ አስቀመጣቸው። ጥቂት አሳርፎ እንደገና ሲያስተኛቸው ምንም የለም። ጸጥ!

«ጠጠር? በኔ ጆሮ?» አሉ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «የደንበኛ ሁሉ ሐሜት ሲሰማ የኖረ ጆሮ ጠጠር ቢያጠራቅም ምን ይገርማል!» ለአለቃዬ ስተረጉምለት ዋርዱ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ለጥቂት ቀን ጎንበስ እንዳይሉ ሲከለክላቸው ግን ፊታቸው ጭልም አለ። እጄን ያዙና «በይ እንግዲህ፣ ያጋለጥሽኝ አንቺ ነሽ። ስቅለትን አንቺ ስገጂልኝ» አሉኝ።

ሰገድኩላቸው። እሳቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጥግ ወንበር ተሰጥቷቸው ያዩኛል። ላቤ ጠብ ሲል «አይዞሽ ልጄ» ይላሉ፤ አለቀ ብዬ ቀና ስል «ገና ነው!» ይላሉ። ከፋሲካ በኋላ ምግብ ቤታቸው ተመለሱ፣ አገር ገብቶ መሞቱም ቀረ፣ ብዙ ዓመት እያዘዙና እየተቆጡ ኖሩ።

አሁን የሉም። ስቅለት ሲመጣ የራሴን ሰግጄ ስጨርስ ጉልበቴ በቃ ይለኛል። ያኔ የሳቸውን እጀምራለሁ።