እሳቱን ያጠፉልኝ ሰዎች

በታኅሣሥ ውርጭ፣ መንዝ ውስጥ፣ በአራት ቤቶች ጭስ ለካሁና ጭስ አጣሁ። ያኔ ትንሽ ገርሞኝ፣ ደግሞም ደስ ብሎኝ አለፍኩት። አሁን ሳስታውሰው ግን ራሴን ይቅር ማለት ያቅተኛል።

ሥራዬ ይኸው ነበር። መሥሪያ ቤቴ ከአንድ ዳቦ የማትበልጥ ነጭ መሣሪያ ሰጥቶኛል። በውስጧ ትንሽ ማራገቢያ አለች፤ የቤቱን አየር እየሳበች በአየሩ ውስጥ ያለውን ጥቃቅን የጭስ ብናኝ ትለካለች። ከአንድ ቀን ጠዋት እስከ ማግስቱ ጠዋት አንድ ቤት ትቆያለች፤ እኔ ሄጄ ቁጥሩን እመዘግብና ወደሚቀጥለው ቤት አሻግራታለሁ። የተመረጡት ሕፃናት ወይም አዛውንት ያሉባቸው ቤቶች ናቸው፤ ብናኙ ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ቀድሞ የሚጎዳው እነሱን ነውና። ይህን ለማወቅ ኮሌጅ መግባት አላስፈለገኝም። እናቴ የኩበት ጭስ ውስጥ ተቀምጣ ዕድሜዋን ሙሉ ስትስል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ጭስን እንደ ሰው ነው የምጠላው፤ አንድ ቀን በቁጥር አስሬ ለፍርድ አቀርበዋለሁ ብዬ ነበር የተነሳሁት።

በአራቱ ቤቶች ያገኘሁት ቁጥር ግን ዘመሮ ከተማ ከተከራየሁበት ክፍል የተሻለ ነበር። መጠርጠር ነበረብኝ። በመንዝ ብርድ፣ በድንጋይ ቤት ውስጥ፣ ያለ እሳት ማን ያድራል? ነገር ግን ሰው ደስ የሚያሰኘውን ቁጥር አይመረምርም። ምድጃቸውን አሻሽለው ይሆናል ብዬ ራሴን አሞኘሁ።

በዚያ ላይ የእኔ ፍርሃት ሌላ ቦታ ነበር። አንድ ባልደረባዬ ልክ እንደ እሷ ያለች መሣሪያ ከባጃጅ ላይ ጥሎ ሰብሮ፣ ስንት ማብራሪያ እንደጻፈና ስንት ቢሮ እንደተመላለሰ አይቻለሁ። ስለዚህ በየቤቱ ሁለት ነገር እናገራለሁ። "እንደ ወትሯችሁ ኑሩ" የሚለውን በጥድፊያ፣ ዕቃዋ እንዳትበላሽ የሚለውን ግን ረጋ ብዬ፣ ጣቴን ቀስሬ፣ ደጋግሜ። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ?

አምስተኛው ቤት የአራስ ቤት ነበር። ከዘመሮ በመኪና ጥቂት ተሂዶ፣ ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል በእግር ይወጣል። ቤቱ ውስጥ አንዲት ወጣት እመጫት፣ የአሥራ ሁለት ቀን ወንድ ልጇና አማቷ አሉ። የልጁ አባት ለቀን ሥራ ዓለም ከተማ ወርዷል። አማትየው ረጅም፣ ቀጥ ያሉ አሮጊት ናቸው። መሣሪያዋን ሳሳያቸው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ነው የተቀበሉኝ።

"ይቺ ዕቃ ውድ ናት እማማ" አልኳቸው። "ውሃ እንዳይነካት፣ ማንም እንዳይጎረጉራት። አንድ ነገር ብትሆን የምጠየቀው እኔ ነኝ።"

"በስመ አብ! ያስሩሻል እንዴ?"

"ማሰሩን እንኳ አያስሩኝም፤ ከሥራዬ ግን ያባርሩኛል" ብዬ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

"ጭስስ አይጎዳትም?"

ታች መንገድ ላይ የሚጠብቀኝ ባጃጅ ነበረና በሩን አልፌ ወጥቻለሁ። "ጭሱን ልትለካ አይደል የመጣችው!" አልኩ ዞር ብዬ። መልስ የሰጠሁ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ስመለስ ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኗል። ቤቱ ውስጥ ስገባ ወለሉ ተጠርጓል፣ አመዱ ተዝቆ ወጥቷል፣ ምድጃው ባዶ ነው። መሣሪያዋ ከትንሽ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀምጣ አዲስ ነጠላ ለብሳለች። እውነቱን ልናገር፤ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ እሷ ነው። ነጠላውን ገለጥኩ፤ አረንጓዴዋ መብራት ትበራለች፤ አልተሰበረችም። ቁጥሩ ከአምስቱም ቤቶች ዝቅተኛው ነበር።

"እሰይ! ጥሩ አየር ነው ያላችሁ" አልኩ።

አሮጊቷ ፊታቸው በራ። "እሳት የሚባል ሳናነድ ነው ያደርነው። እንዴት ብለን በእንግዳ ዕቃ ላይ ጭስ እናጨሳለን? እንጀራሽ አይደለች?" አሉኝ።

እዚያው እንደቆምኩ ሁሉም ነገር ገባኝ። አራቱም ቤቶች እንዲሁ ነበሩ። ለእኔ አዝነው፣ ዕቃዬን እንደ እንግዳ አክብረው፣ በዚያ ብርድ እሳታቸውን አጥፍተው አድረዋል። ያን ጊዜ ከአልጋው በኩል ድምፅ ሰማሁ። አጭር፣ የሚያቃስት ድምፅ፤ የድመት ግልገል መስሎኝ ነበር።

"ሌሊቱን ጡት አልይዝ አለኝ" አለች እመጫቷ፤ ከሱፍ ባናው ሥር ሆና።

ባናውን ገለጥ አድርጌ የልጁን እግር ነካሁ። ከደጅ እንደገባ ድንጋይ ነው። ደረቱ ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። ሐኪም አይደለሁም፤ ግን አንድ ሥልጠና ላይ የጨቅላ ትንፋሽ በደቂቃ ስልሳና ከዚያ በላይ ከሆነ አደጋ ነው ተብለን ነበር። ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ። ደቂቃው ሳያልቅ ስልሳ አለፈ። ተሳስቼ በሆነ ብዬ እንደገና ቆጠርኩ፤ አልተሳሳትኩም። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እኔ ግን ስፈራ የከረምኩት ለዕቃ ነበር።

"ጤና ጣቢያ እንውሰደው፤ አሁኑኑ" አልኩ።

አሮጊቷ በሩ ላይ ቆሙ። "ክርስትና ያልተነሳ ልጅ በዚህ ውርጭ ይወጣል? ሁለት ልጅ በብርድ ቀብሬአለሁ እኔ። ብርዱ ይጨርሰዋል!"

"ብርዱማ ሌሊቱን ቤት ገብቶ አብሮት አደረ እማማ!" ብዬ ጮህኩባቸው። በእሳቸው ዕድሜ ባለ ሰው ላይ ጮኼ አላውቅም። የጮህኩት በራሴ ላይ ነበር፤ ግን ጩኸቱን የሰሙት እሳቸው ናቸው። ከበሩ ገለል አሉ፤ ጋቢያቸውን አውልቀውም ለምራታቸው ደረቡላት።

ልጁን ራቁቱን እናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ አድርገን፣ በባናውና በጋቢው ጠቅልለን ሦስታችንም ወጣን። መሣሪያዋን ዱካው ላይ ጥያት ነው የሄድኩት፤ ትዝም አላለችኝ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ነፋሱ ፊት ይልጣል። በየሃምሳ እርምጃው እናትየውን አስቁሜ ጆሮዬን ባናው ውስጥ እከታለሁ። ያ የሚያቃስት ድምፅ ሲሰማኝ እሰጋለሁ፤ ሳይሰማኝ ሲቀር ደግሞ ልቤ ትቆማለች። "እመቤቴ፣ ይህንን ልጅ ብቻ" እላለሁ፤ ቀጥሎ የምሰጠው ስለት ይጠፋኛል።

መንገድ ላይ በግ የጫነ አይሱዙ አገኘን። ሾፌሩ አንድ ጊዜ አይቶን፣ ጋቢና የተቀመጠውን ነጋዴ ወደ ኋላ ሰደደልንና መስኮቱን ዘጋ። ውስጡ ሞቅ ይላል፤ ግን የሞተሩ ጩኸት ትንፋሹን ዋጠብኝ። ዘመሮ እስክንደርስ ልጁ ይኑር አይኑር የማውቀው በእናቱ ፊት ብቻ ነበር። ፊቷ ምንም አይልም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ እኔ ዞራ፣ "እኔ እሳት እናንድ ብዬ ነበር" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ከተነገረኝ ክፉ ቃል ሁሉ ይህ ይብሳል፤ ምክንያቱም በክፋት አልተናገረችውም።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ነርሷ ቶሎ ተቀበለችን። ኦክስጅን ሰጠችው፣ መርፌ ወጋችው፣ ከእናቱ ደረት ላይ እንዳይነሳ አዘዘች። "ሳንባው ተይዟል፤ በዚያ ላይ ቀዝቅዟል። እስከ ነገ ከቆየልን ተስፋ አለው" አለች። "ቤታችሁ እሳት የለም እንዴ?" ብላ ስትጠይቅ አሮጊቷ መሬት መሬቱን አዩ። አፌ ውስጥ ተዘጋጅቶ የነበረውን እውነት ፈሪነቴ ዋጠው።

ሐሙስን ሙሉ ጤና ጣቢያና ቤቴ መካከል ስመላለስ ዋልኩ። ግቢው በር ላይ ስደርስ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ፤ ለቅሶ ይሰማ እንደሆነ አዳምጥና ነው የምገባው። የመሥሪያ ቤት ስልክ ሲጮህ አላነሳሁም። የምለካው ቤት፣ የተቀጠርኩበት ቀን፣ ሁሉም ከአእምሮዬ ወጥቶ ነበር።

ዓርብ ከረፋዱ ላይ ስገባ እመጫቷ ተቀምጣ አገኘኋት፤ ልጁ ጡት ይዟል። አፉ ሲሳብ፣ ጉንጩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ግድግዳውን ተደግፌ አለቀስኩ።

አሮጊቷ ከብቶቹን ለማየት ሐሙስ ወደ ቤት ወጥተው፣ ዓርብ በሶ ይዘው ተመልሰው ነበር። ከበሶው ጋር ሌላ ጥቅል ይዘዋል። በዚያው አዲስ ነጠላ የተጠቀለለች መሣሪያዬን አውጥተው በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

"ዕቃሽን ጥለሻት ሄድሽ። መንገዱን ሙሉ አቅፌ ነው ያመጣኋት። ደህና መሆኗን እይልኝ፤ በእኛ ምክንያት እንዳትጠየቂ።"

እጃቸውን ሳምኩ። እሳት ያጠፉት በእኔ ጥፋት እንደሆነ፣ መሣሪያዋ የመጣችው የሁልጊዜውን ጭስ ለማየት እንጂ ጭስን ለመሸሽ እንዳልሆነ፣ ጎንበስ ብዬ ነገርኳቸው። ሰሙኝ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን ያጽናኑኝ እንጂ ያመኑኝ አልመሰለኝም።

"ቀድመሽ ብትነግሪን ሕፃኑን ጎረቤት እናሳድረው ነበር" አሉኝ። "ለላይኞቹማ ይህንኑ መክሬአቸዋለሁ።"

"የትኞቹ ላይኞች?"

"ረቡዕ እመጣለሁ ያልሻቸው ሽማግሌ ናቸዋ፤ የልጅ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት። ትናንት ሳያቸው ስለ ዕቃሽ ከሰው ሰምተው፣ ቤቱን ጠርገው፣ እሳቱን አጥፍተው እየጠበቁሽ ነው። ልጆቹን የሚወስድላቸው ጎረቤት እንኳ የለም። መምጣቷ አይቀርም፣ ታገሱ አልኳቸው።"

ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ። ሁለት ሌሊት። ስድስተኛው ቤት በዝርዝሬ ላይ ነበር፤ ማክሰኞ ዕለት በመንገድ ሰው "ነገ ጠዋት እደርሳለሁ" ብዬ የላክሁባቸው እኔው ነኝ።

እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። መሣሪያዋን ነርሷ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ሮጥኩ። ባጃጁ መንገዱ እስከቻለው ድረስ ወሰደኝ፤ የቀረውን ዳገት በእግሬ ያዝኩት። ጉሙ ከገደሉ እየወጣ ነበር። አናቱ ላይ ደርሼ ቁልቁል ሳይ መንደሩ በሙሉ ይጨሳል። ከየሣር ክዳኑ ላይ ሰማያዊ ጭስ ቀስ እያለ ይወጣል። ከዳር ካለው ከአንዱ ቤት ብቻ ምንም አይወጣም። ዓይኔን አሽቼ እንደገና አየሁ። ትንሽ ጭስ ስጠኝ ብዬ እግዚአብሔርን ለመንኩ። አልወጣም።

በሩን ሳላንኳኳ ነው የገባሁት። ወለሉ እንደ ሰሌዳ ተጠርጓል። መሐል ላይ ዱካ ተቀምጦ፣ ንጹሕ ጨርቅ ለብሶ መሣሪያዋን ይጠብቃል። ሁለቱ ልጆች ቤቱ ጥግ ባለው በረት ከበጎቹ መሐል ተሸጉጠዋል፤ የሚታየኝ ዓይናቸው ብቻ ነው። ትልቋ ትንሿን አቅፋታለች። ትንሿ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ግን ዓይኗ ተከተለኝ። በሕይወት አሉ።

ሽማግሌው ከመደቡ ላይ ተነሡ። ለመነሣት ግድግዳውን መያዝ አስፈለጋቸው።

"ዘገየሽብን ልጄ። ምን አገኛት ብለን ስንሰጋ ነበር" አሉ። እጄ ባዶ መሆኑን አላስተዋሉም። ከጋቢያቸው ሥር የክብሪት ቀፎ አውጥተው፣ እንዳያስቀይሙኝ እየተጨነቁ፣ "ዕቃሽን ከማስቀመጥሽ በፊት፣ ለልጆቹ ያህል፣ ትንሽ እሳት ብናነድ ትፈቅጂልናለሽ?" ብለው ጠየቁኝ።

ክብሪቱን ተቀብዬ ምድጃው ፊት ተንበረከክሁ። ሦስት የክብሪት እንጨት ሰበርኩ፤ አራተኛው ያዘ። ኩበቱ ሲቀጣጠል ጭሱ ቤቱን ሞላው፤ ልጆቹም ወደ እሳቱ መጡ፤ ትንሿ እጆቿን ዘርግታ መሳል ጀመረች። ተነሥቼ በሩ ጋ ሄድኩና፣ ልክፈተው ልዝጋው ጨንቆኝ ቆምኩ።